ጎንደር ተቀምጦ ኳንተም ኮምፒውተርን ከሱፐርኮምፒውተር ጋር ማሠራት

ይህን የምጽፈው ለሁለት ሰው ነው። አንዱ የሰርቨር ክፍሉን ቁልፍ ኪሱ ይዞ የሚዞረው ሲስተም አድሚን ነው፤ ሌላው ከፊዚክስ ወይም ከኬሚስትሪ ክፍል መጥቶ «እኔም ኳንተም ላይ የማስኬደው ነገር አለኝ» የሚለው ተመራማሪ። እኔ ባለቁልፉ ነኝ። ማራኪ በኩል ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ዕድሜ የጠገቡ ጥቂት ሰርቨሮችን አስተሳስሬ ለሦስት የትምህርት ክፍሎች አስተዳድራለሁ። ሱፐርኮምፒውተር ብዬ ብጠራቸው የሚያየኝ ይስቃል። የሚሠሩበት ሥርዓት ግን፣ ወረፋው፣ የጋራ ዲስኩ፣ የተጠቃሚ መዝገቡ፣ ፊንላንድና ጀርመን ያሉት ግዙፎች ከሚሠሩበት ብዙም አይለይም። እዚህ እጁን ያፍታታ ሰው እዚያ ሲገባ እንግዳ አይሆንም።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ኳንተምን ከሱፐርኮምፒውተር ጋር ስለማጣመር ሲነሣ ሁሉም ስለ ኩቢት፣ ማለትም ስለ ኳንተም ኮምፒውተሩ የመረጃ ቅንጣት፣ ማውራት ይወዳል። ሥራው ላይ ስትቀመጡ ግን ጊዜያችሁን የሚበላው ወረፋና ርክክብ ነው፦ የትኛው ስሌት የት ይሂድ፣ ማን ይቅደም፣ ውጤቱ ሲመለስ ማን ይረከበው፣ መብራት ቢጠፋ ምን ይተርፋል። ከዚህ በታች ያለው በአብዛኛው ስለዚህ ነው። የኳንተም ፊዚክስ ትምህርት የፈለገ ሌላ ቦታ ያገኘዋል።

ርቀቱ የቱ ላይ ይጎዳል?

«ማሽኑ ባሕር ማዶ፣ እኛ ጎንደር፤ ምን ሊፈይድልን?» የሚል አይጠፋም። በቁጥር እንየው። ከሱፐርኮንዳክተር የተሠራ ኩቢት ከ0.01 እስከ 0.02 ኬልቪን በሚደርስ ቅዝቃዜ ውስጥ ተዘግቶበት እንኳ የያዘውን ሁኔታ ጠብቆ የሚቆየው ለጥቂት መቶ ማይክሮሰከንድ ነው። ብርሃን ደግሞ በፋይበር ውስጥ በ1 ሚሊሰከንድ የሚጓዘው 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከጎንደር እስከ ጀርመኗ ዩሊሽ በቀጥታ መስመር 5,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ ስለሚሆን ደርሶ መልሱ ቢያንስ 50 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። እስከዚያ ኩቢቱ የያዘውን ሁሉ ረስቷል። ስለዚህ ሰርኪዩቱ (በኩቢቶቹ ላይ በተራ የሚፈጸመው የትእዛዝ ሰንሰለት) እየሄደ ሳለ መሐል ገብቶ ውሳኔ መስጠት፣ ለምሳሌ ስህተትን በዚያው ቅጽበት ፈልጎ ማረም፣ ከዚህ ሆኖ የሚሞከር አይደለም። ይህ ከማቀዝቀዣው አጠገብ የተተከለ ልዩ ኤሌክትሮኒክስ ሥራ ነው፤ የሩቅ ተጠቃሚው ቀርቶ በዚያው ሕንጻ ያለው ሱፐርኮምፒውተርም በቀላሉ አይደርስበትም።

የቀረው ሥራ ግን ሌላ ጠባይ አለው። ሰርኪዩቱ ሲያልቅ የሚመለሰው ተራ የ0 እና የ1 ረድፍ ነው። ያንን ተቀብሎ ማጣራት፣ ማደመር፣ ቀጣዩን ሙከራ መወሰን የክላሲካል፣ ማለትም የተለመደው ዓይነት፣ ማሽን ድርሻ ነው። በዚህ በኩል 50 ሚሊሰከንድ ምንም አይደለም፤ ወረፋው ራሱ ሰዓታት ሊወስድ ይችላላ።

ትልልቆቹም ሁሉም አንድ ክፍል ውስጥ አላጎሩትም። ፊንላንዶች በ2022 ሄልሚ የተባለውን ባለ 5 ኩቢት ማሽን ከሉሚ ሱፐርኮምፒውተር ጋር ሲያገናኙ ሄልሚ ኤስፖ፣ ሉሚ ደግሞ በሰሜን ካያኒ ከተማ ነበሩ፤ በመካከላቸው መቶዎች ኪሎ ሜትር አለ። ተጠቃሚው ጆቡን (ለማሽኑ የሚሰጠውን ሥራ) የሚያስገባው ግን በሉሚ ወረፋ ነበር። በሙኒክ አቅራቢያ ጋርሺንግ ያለው የላይብኒዝ ማእከል ደግሞ ባለ 20 ኩቢት ማሽን እዚያው ግቢው ውስጥ አስገብቶ ከሱፐርሙክ ሱፐርኮምፒውተር ጋር አጣመረ። ጃፓኖቹ በሰኔ 2025 ኮቤ ውስጥ ባለ 156 ኩቢቱን የአይቢኤም ማሽን ከፉጋኩ ሱፐርኮምፒውተር ጋር አገናኙ። ዩሊሽ ላይ ከጥር 2022 ጀምሮ ያለው የዲዌቭ ማሽን ከ5,000 በላይ ኩቢት አለው። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ እሱ አኒለር የሚባል ሌላ ዓይነት ነው፤ በዋናነት የሚሠራው የማመቻቸት (ከብዙ አማራጭ የተሻለውን የመፈለግ) ጥያቄ ነው። 5,000ውን ከ156ቱ ጋር አወዳድሮ የሚከራከር ተማሪ ሲመጣ ይህን ንገሩት።

መጀመሪያ የራስን ቤት

ሊኑክስ የሚነሣባቸው ሁለት ማሽኖች ለመጀመር ይበቃሉ፤ አንዱ መግቢያ፣ ሌላው ማስሊያ። በላያቸው ስለርምን ጫኑ። ነጻ ነው፣ በዓለም ካሉት ሱፐርኮምፒውተሮች ብዙዎቹ ወረፋቸውን የሚያስተዳድሩት በእሱ ነው። የጋራ ዲስኩን በኤንኤፍኤስ (ዲስክን በኔትወርክ በሚያጋራው ሥርዓት) ክፈቱ። የማን ጆብ ስንት ሰዓት እንደበላ የሚመዘግበውን ዳታቤዝ «በኋላ እጨምራለሁ» አትበሉ፤ ከመጀመሪያው ቀን ይግባ፣ ምክንያቱን ስለ ድርሻ ስናወራ ታዩታላችሁ።

የእኛን አገር ሰው የሚያስለቅሰው ሰዓት ነው። ስለርም ማሽኖቹን እርስ በርስ የሚያስተዋውቀው መንጅ በሚባል አገልግሎት ሲሆን መንጅ የሚሰጠው መታወቂያ በተለምዶ ለ5 ደቂቃ ብቻ ነው የሚያገለግለው። የሁለቱ ማሽኖች ሰዓት ከዚያ በላይ ከተራራቀ አንዱ ሌላውን አላውቅህም ይላል፣ ወረፋው በሙሉ ይቆማል። አሮጌ ሰርቨር ደግሞ የማዘርቦርዱ ባትሪ ከሞተ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ሰዓቱ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል። መድኃኒቱ ሁለት ነው፦ ፒያሳ ሰዓት ቤት የምትገኘዋ ክብ ሲአር 2032 ባትሪ፣ እና ክሮኒ የሚባለው ሰዓት አስተካካይ ፕሮግራም። መግቢያው ማሽን ላይ ያለው ክሮኒ ከኢንተርኔት ሰዓት ይወስዳል፣ ሌሎቹ ከእሱ ይወስዳሉ። ኢንተርኔቱ ቢቋረጥ እንኳ ሁሉም አንድ ላይ ይሳሳታሉ፤ አንድ ላይ ከተሳሳቱ ስለርም ቅር አይለውም።

ዩፒኤስ ለሁሉም አይበቃችሁም። ዲስኩንና መግቢያውን ብቻ ያዙበት፤ ማስሊያዎቹ ከወደቁ ይውደቁ። መብራት ሲመለስ የማስነሻው ቅደም ተከተል በወረቀት ተጽፎ በር ላይ ይለጠፍ፦ ስዊች፣ ዲስክ፣ መግቢያ፣ ሰዓቱን ማየት፣ ዳታቤዝ፣ የስለርም ተቆጣጣሪ፣ በመጨረሻ ማስሊያዎቹ። እኔ በሌለሁበት የጥበቃው ጋሼ ስልክ ደውለው «መጣ» ሲሉኝ፣ ቁልፍ የተሰጠው ማንኛውም ተማሪ ወረቀቷን እያየ ማስነሣት ይችላል።

አንድ የጎን ነገር፦ ጎንደር ቀዝቃዛ ነው ብላችሁ አትዘናጉ። ከ2,000 ሜትር በላይ ነን፣ አየሩ ሳስቷል፣ የሳሳ አየር ደግሞ ሙቀት የመሸከም አቅሙ ያንሳል። ፋኑ ሲጮኽ ከሰማችሁ አቧራውን ጥረጉ።

ሶፍትዌሩን በተመለከተ ፓይተን፣ ኪስኪት (የኳንተም ሰርኪዩት መጻፊያ)፣ የኤር ሲሙሌተር (ኳንተም ማሽንን በተራ ኮምፒውተር የሚያስመስል)፣ ለኬሚስትሪ ደግሞ የሞለኪውል ጉልበት የሚያሰላው ፓይኤስሲኤፍ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ተማሪ ለየብቻው ከኢንተርኔት እንዲያወርድ ከተዋችሁት መስመሩ ይታፈናል፣ ስሪቱም ይለያያል። አንድ ጊዜ በሌሊት አውርዳችሁ በአፕቴይነር (ሶፍትዌርን ከነጓዙ በአንድ ፋይል በሚያሽገው) አሽጉትና የጋራ ዲስክ ላይ አስቀምጡ። ነገ ውጭ ያለ ማእከል ቢቀበላችሁ ያንኑ እሽግ ይዞ መሄድ ይቻላል።

ሚሞሪ ሲያልቅ፣ ኳንተም ሲጀምር

ተመራማሪ «ኳንተም ማሽን ያስፈልገኛል» ሲል የመጀመሪያው ጥያቄዬ «ስንት ኩቢት?» ነው። ሲሙሌተር ላይ የአንድን ሰርኪዩት ሙሉ ሁኔታ ለመያዝ 2ን በኩቢቱ ቁጥር ልክ እርስ በርሷ አባዝቶ በ16 ባይት ማባዛት ነው። በዚህ ስሌት 28 ኩቢት 4 ጊጋባይት ይፈልጋል፣ 30 ኩቢት 16፣ 32 ኩቢት 64። እያንዳንዷ ኩቢት ሚሞሪውን እጥፍ ታደርገዋለች። 64 ጊጋባይት ያለው ሰርቨር፣ ሲስተሙ ራሱ የሚይዘው ስላለ፣ 31 ኩቢት ላይ ይቆማል። 40 ኩቢት 16 ቴራባይት ነው፤ 50 ኩቢት 16 ፔታባይት፣ ትልልቆቹ ሱፐርኮምፒውተሮችም የሚያመነቱበት።

ስህተትን ጨምሮ ማስመሰል ከተፈለገ ደግሞ ይብሳል። ዴንሲቲ ማትሪክስ የሚባለው ዘዴ 2 ይባዛ የነበረበትን 4 ያደርገዋልና ያው 64 ጊጋባይት 15 ኩቢት ላይ ያልቃል። በሌላ በኩል ኩቢቶቹ እምብዛም ያልተሳሰሩበት ሰርኪዩት ከሆነ ማትሪክስ ፕሮዳክት ስቴት በሚባለው ዘዴ ከ31 በላይም መሄድ ይቻላል፤ ኤር ውስጥ አንድ አማራጭ መቀየር ብቻ ነው፣ ብዙ ሰው ግን አይሞክረውም።

ይህን ካሰላን በኋላ ከሚመጡት ጥያቄዎች አብዛኞቹ እዚሁ ይቀራሉ። የሃይድሮጅን ሞለኪውል በትንሹ ቤዚስ (የኤሌክትሮኖቹን ቦታ በጥቂቱ በሚገልጸው የስሌት መሠረት) 4 ኩቢት ነው፣ ሊቲየም ሃይድራይድ 12። ላፕቶፕ ይበቃዋል። ኳንተም ማሽን ላይ መላኩ ትርጉም የሚኖረው ወይ የማሽኑን ጠባይ ለማጥናት ነው፣ ወይ ሲሙሌተሩ የማይችለውን ለመጠየቅ።

መውጫው በር

ማስሊያ ኖዶች (ማሽኖች) ኢንተርኔት ባይኖራቸው ይሻላል፤ ብዙ ማእከላትም እንዲሁ ያደርጋሉ። ወደ ኳንተም ማሽኑ የሚላክ ነገር ሁሉ በአንድ ማሽን በኩል ይውጣ። እኛ ጋ ስለርም ውስጥ «መውጫ» ብዬ የሰየምኩት ለብቻው የሆነ ክፍልፍል አለ፣ መግቢያው ማሽን ብቻ ነው ያለበት።

ቀጥሎ ያለው ዘዴ የስለርም መመሪያ ውስጥ ለሌላ ነገር የተጻፈ ነው። ስለርም የሶፍትዌር ፈቃድ መቁጠር ይችላል፤ ማትላብ 5 ፈቃድ ካለው ስድስተኛውን ጆብ ያስጠብቃል። «ኳንተም» የሚል ፈቃድ በቁጥር 1 አስመዝግቡና የሚልክ ጆብ ሁሉ ያንን እንዲጠይቅ አድርጉ። ያን ጊዜ ሩቅ ያለው ማሽን ልክ የራሳችሁ ክፍል ውስጥ እንዳለ አንድ ዕቃ በወረፋው ይታያል። ማን እየላከ እንደሆነ፣ ማን እንደሚጠብቅ በአንድ ትእዛዝ ታያላችሁ። ሄልሚን ከሉሚ፣ ባለ 20 ኩቢቱን ከሱፐርሙክ ያገናኙት ሰዎች የሠሩት ከዚህ እጅግ የረቀቀ ነው፤ ሐሳቡ ግን ያው ነው፣ ኳንተሙን በወረፋው ውስጥ አንድ ተራ ዕቃ ማድረግ።

ቶከን (ወደ ኳንተም ማሽኑ የሚያስገባው የይለፍ ቁልፍ)፦ እያንዳንዱ ተመራማሪ የራሱን አካውንት ይክፈት፣ ቶከኑን ባለቤቱ ብቻ በሚያነበው ፋይል ያስቀምጥ። ስክሪፕት ውስጥ አይጻፍ፣ ጊት ላይ አይውጣ፣ በቴሌግራም አይላክ። ይኸው ነው።

አንዱን ሥራ በሦስት መክፈል

ስክሪፕቱ አንድ ሆኖ አዘጋጅቶ፣ ልኮ፣ ቁጭ ብሎ ጠብቆ፣ ውጤቱን ሲያሰላ ታገኙታላችሁ። ከኢንተርኔት የሚወርደው ምሳሌ ሁሉ እንዲህ ነው። እዚህ አይሆንም። ወረፋው ሌሊቱን ሙሉ ሊቆይ ይችላል፣ ስክሪፕቱ እየጠበቀ ማስሊያውን ይዞ ያድራል፣ መስመሩ አንድ ጊዜ ከተቋረጠ ደግሞ ሁሉም ከንቱ። ስለዚህ በሦስት ጆብ ክፈሉት።

የመጀመሪያው ጆብ ያዘጋጃል። ሞለኪውሉን በፓይኤስሲኤፍ ያሰላል፣ ሰርኪዩቱን ይሠራል፣ በትንሽ መጠን በሲሙሌተር ይፈትሻል። ጊዜ ይውሰድ፣ ማስሊያው የራሳችን ነው። ለምሳሌ የሃይድሮጅን ሞለኪውል አተሞቹ 0.735 አንግስትሮም ተራርቀው በትንሹ ቤዚስ ሲሰላ ጉልበቱ ወደ −1.137 ሃርትሪ (የጉልበት መለኪያ ነው) መውጣት አለበት። ሲሙሌተራችሁ ይህን ካልሰጠ ችግሩ ኮዳችሁ ውስጥ ነውና የትም አትላኩት።

ሁለተኛው ይልካል። አጭር ጆብ ነው፣ «መውጫ» ላይ ይሄዳል፣ «ኳንተም» ፈቃድ ይጠይቃል። ሰርኪዩቱን ከመላኩ ጥቂት ቀደም ብሎ ለዚያ ማሽን እንዲስማማ ያደርገዋል፣ ትራንስፓይል ማድረግ የሚባለውን ማለቴ ነው። ይህ ሥራ በራሳችን ማሽን ስለሚሆን ከኳንተም ደቂቃችን አይቀነስም፤ ከፍተኛውን የማጥሪያ ደረጃ ተጠቀሙ። ለምን ልክ ከመላኩ በፊት? ማሽኖቹ ቶሎ ቶሎ ስለሚስተካከሉ ትናንት ደህና የነበረው ኩቢት ዛሬ ሊታመም ይችላል። ሐሙስ የተዘጋጀ ሰርኪዩት ለሰኞ ማሽን አይሆንም።

ይህ ጆብ እንደላከ የሚሰጠውን የጆብ መለያ ወዲያው ዲስክ ላይ ይጽፍና ይወጣል። መጠበቅ የለም። መለያው ካለ ውጤቱ በሌላ ቀን፣ ከሌላ ማሽን፣ ከአዘዞ ካለ ኢንተርኔት ቤትም ቢሆን ሊወሰድ ይችላል።

እዚህ ጋ ወጥመድ አለ። ስለርም በልማዱ ኖድ ወድቆ የተቋረጠን ጆብ መልሶ ወረፋ ያስገባዋል። ለተራ ስሌት ደግ ነገር ነው። ለሚልክ ጆብ ግን መብራት ተመልሶ ሲነሣ ያንኑ ሰርኪዩት ሁለተኛ ይልካል፣ ደቂቃችሁ ሁለት ጊዜ ይቆረጣል ማለት ነው። የሚልከው ጆብ ላይ ዳግም እንዳይሰለፍ የሚከለክለውን አማራጭ አስገቡ፤ በተጨማሪ ስክሪፕቱ ሲጀምር የመለያውን ፋይል ይፈልግ፣ ካገኘ ምንም ሳይልክ ይውጣ።

ሦስተኛው ይሰበስባል። በየተወሰነ ሰዓት እየተነሣ መለያውን ይጠይቃል፤ ካላለቀ ይተኛል፣ ካለቀ ውጤቱን አውርዶ ለትልቁ ስሌት ያስረክባል። ሦስቱን በስለርም የጥገኝነት አማራጭ አያይዟቸው፣ የፊተኛው በሰላም ካላለቀ የኋለኛው እንዳይነሣ።

ደቂቃውን ማን ይውሰድ

የአይቢኤም ነጻ ዕቅድ ለአንድ ተጠቃሚ በየ28 ቀኑ 10 ደቂቃ የኳንተም ጊዜ ይሰጣል። ትንሽ ይመስላል። በየ250 ማይክሮሰከንዱ አንድ ሾት (የሰርኪዩቱ አንድ ሩጫ) ቢወሰድ ግን በ1 ሰከንድ 4,000 ሾት ነው። ደቂቃውን የሚጨርሰው በየጆቡ የሚጨመረው የማዘጋጃ ጊዜ ነውና ሃያ ሰርኪዩት ካላችሁ በሃያ ጆብ አትላኩ፣ በአንድ ጆብ አሽጉ።

እንዲያም ሆኖ አዝመራ ሲገባ እንደ ወፍጮ ቤት ነው። እህሉን ቤቱ አበጥሮ፣ ለቅሞ፣ አድርቆ የመጣ ሰው ቶሎ ያስፈጫል፤ ጠጠር ይዞ የመጣው ድንጋዩን ያበላሻል፣ ከኋላው ያለውንም ያስጠብቃል። ስለዚህ ደንባችን ይህ ነው፦ በሲሙሌተር ያላለፈ ሰርኪዩት «መውጫ» አይገባም። ከኬሚስትሪ ያለው ባልደረባዬ «ወንድሜ፣ የኔን ብቻ አስቀድምልኝ፣ የመመረቂያ ተማሪ አለችብኝ» ሲለኝ መልሴ ደንቡን ማሳየት ነው። ስለርም ውስጥ ፌርሼር የሚባል አሠራር አለ፤ ብዙ የተጠቀመ ክፍል ቅድሚያው ይወርዳል፣ ያልተጠቀመው ይወጣል፣ ያለፈው ፍጆታ ደግሞ ከጊዜ ጋር እየተረሳ ይሄዳል። ዳታቤዙን ከመጀመሪያው ቀን አስገቡ ያልኩት ለዚህ ነው። ማሽን ሲያስቀድምና ሲያስቀር ሰው አይቀየምም፤ እኔ ሳደርገው ግን ቡና ላይ ይነሣል።

ነጻው ዕቅድ ሴሽን የሚባለውን፣ ማለትም ማሽኑን ለራስ ይዞ እየተመላለሱ መሥራትን አይፈቅድም። ይህ ትልቅ ውጤት አለው። ቪኪውኢ የሚባለው የሞለኪውል ዝቅተኛ ጉልበት መፈለጊያ ስመ ጥር ዘዴ በየዙሩ ወደ ኳንተሙ ሄዶ፣ ተመልሶ፣ የሰርኪዩቱን መጠኖች አስተካክሎ ዳግም ይሄዳል። በየዙሩ አዲስ ወረፋ ከሆነ ሴሚስተሩ ያልቃል። መጠኖቹን በሲሙሌተር አስተካክላችሁ የመጨረሻውን ብቻ ላኩ፣ ወይም አንድ ጊዜ ተልኮ የሚያልቅ ዘዴ ምረጡ።

አንድ ጊዜ ተልኮ የሚያልቅ

ለእኛ ሁኔታ እጅግ የሚስማማው ኤስኪውዲ የሚባለው ነው። ኳንተም ማሽኑ ኤሌክትሮኖች እንዴት እንደሚደረደሩ የሚያሳዩ ናሙናዎችን ብቻ ይሰጣል። ናሙናዎቹ ቆሻሻ አለባቸው፤ የኤሌክትሮኑ ቁጥር እንኳ የተዛባባቸው አሉ። ክላሲካሉ ማሽን እነዚያን ያርማል፣ ከዚያም በተመረጡት ድርድሮች ብቻ ትልቁን ማትሪክስ ሠርቶ ዝቅተኛውን ጉልበት ያወጣል። ከባዱ ሸክም ሱፐርኮምፒውተሩ ላይ ነው፣ ኳንተሙ የሚጠየቀው አንዴ ነው፣ ምልልስ የለም።

አይቢኤምና የጃፓኑ ሪኬን በዚህ ዘዴ እስከ 77 ኩቢትና 6,400 የፉጋኩ ኖዶች ተጠቅመው አራት ብረትና አራት ድኝ ያለበትን ክላስተር (የአተሞች ጥርቅም) አስልተዋል፤ ሥራው በ2025 ታትሟል። የብረትና የድኝ ክላስተሮች ናይትሮጅንን ከአየር ወስዶ ለተክል የሚያዘጋጀው ኤንዛይም ውስጥ ስለሚገኙ ነገሩ ከማዳበሪያ ጋር ይያያዛል፤ ለገበሬ አገር ደግሞ ይህ ተራ ነገር አይደለም። ሆኖም አይጋነን፦ ውጤቱ ዲኤምአርጂ ከሚባለው ጠንካራ ክላሲካል ዘዴ አልበለጠም። ይህን ሳትናገሩ ሴሚናር ላይ የምታቀርቡት ከሆነ ከፊት የተቀመጠ አንድ ሰው ያጋልጣችኋል።

ለልምምድ የናይትሮጅን ሞለኪውልን ውሰዱ። በትንሹ ቤዚስ 20 ኩቢት ነው፣ የውስጠኞቹን ኤሌክትሮኖች ብታስሩ 16። ትክክለኛው መልስ በፓይኤስሲኤፍ ስለሚወጣ የኳንተሙ ውጤት ስንት እንደራቀ በቀጥታ ታያላችሁ። ከ1.6 ሚሊሃርትሪ ያነሰ ልዩነት ለኬሚስት የሚበቃ ነው። ሁለቱን አተሞች እያራቃችሁ ድገሙት፣ ቀላሎቹ ዘዴዎች የሚሰናከሉት እዚያ ላይ ነው።

ስለ ስህተቱም ግምት ያዙ። ሁለት ኩቢት የሚያገናኝ ጌት (የሰርኪዩቱ አንድ እርምጃ) ከ1,000 ጊዜ 3 ጊዜ ይስታል እንበል። 100 ጌት ያለው ሰርኪዩት ሳይስት የሚያልፍበት ዕድል 74 በመቶ ነው። 1,000 ጌት ካለው 5 በመቶ። የስህተት ማለዘቢያ ዘዴዎች ይረዳሉ፣ ሾት ያበዛሉ፣ 1,000 ጌት ላይ ግን ተአምር አይሠሩም። ስለዚህ ከኩቢት ቁጥር በፊት የጌት ቁጥር ቁጠሩ።

የካላዛር ጥያቄ አይቀርም። መተማና ሁመራ በኩል የሚመጡ ሕሙማንን በሚያክም ከተማ የተማረ ሁሉ «በኳንተም መድኃኒት አናገኝም?» ይላል፣ ደግ ጥያቄ ነው። የካላዛር መድኃኒት የሆነውን የሚልቴፎሲንን አተሞች እንቁጠር፦ 21 ካርቦን፣ 46 ሃይድሮጅን፣ 1 ናይትሮጅን፣ 4 ኦክስጅን፣ 1 ፎስፈረስ። በትንሹ ቤዚስ 185 ኦርቢታል (የኤሌክትሮን ቦታ) ይሆናል፣ አንዱ ኦርቢታል ሁለት ኩቢት ስለሚፈልግ 370 ኩቢት ማለት ነው፤ ጌቱማ አይቆጠር። ሞለኪውሉ ከፕሮቲን ጋር የሚጣበቅበትን መፈለግ ዛሬም የክላሲካል ማሽን ሥራ ነው፣ ሰርቨሮቻችን ላይ ሌሊቱን ሙሉ የሚሄደውም እሱ ነው። ኳንተሙ ሊገባ የሚችለው ከሞለኪውሉ ውስጥ አስቸጋሪዋን ትንሽ ክፍል፣ ለምሳሌ 6 ኤሌክትሮን በ6 ኦርቢታል፣ ለይቶ በማውጣት ነው። ያ 12 ኩቢት ነው፤ 12 ኩቢት ደግሞ ላፕቶፕ ላይ ይሄዳል። ተማሪው ቅር ይለዋል። ይበለው፣ ዘዴውን ይማርበታል።

ሦስት ሰዓት፣ ሁለት ዘመን

የጋራ ምርምር መዝገብ ላይ የተጣላነው በፊዚክስ ሳይሆን በሰዓት ነው። አንዱ «3 ሰዓት ላይ የተላከው» ሲል በእኛ ነው፣ ሌላው በፈረንጅ ይሰማዋል፣ ማሽኑ ደግሞ የሚጽፈው በዩቲሲ ነው። የዩቲሲ 06:00 በእኛ ጠዋት 3 ሰዓት ነው፤ በሌላ አነጋገር ከዩቲሲ 3 ቀንሶ ማንበብ ነው። ፋይል ላይ በዩቲሲና በፈረንጅ ቀን ብቻ ይጻፍ፣ በቃል የፈለጋችሁትን አውሩ። ከውጤቱ ጎን የሚቀመጡት እነዚህ ናቸው፦ የጆቡ መለያ፣ የማሽኑ ስም፣ የዕለቱ የማስተካከያ መረጃ፣ የሾቱ ቁጥር፣ የኪስኪት ስሪት፣ የተላከው ሰርኪዩት ራሱ። የማስተካከያ መረጃው ከተረሳ ያ ውጤት ከስድስት ወር በኋላ ሊተረጎም አይችልም።

ረጃጅም ሲሙሌሽኖችን የምለቃቸው በጥምቀት ነው። ከከተራ እስከ ቃና ዘገሊላ ግቢው ባዶ ነው፣ ሰው ሁሉ ጥምቀተ ባሕሩ ጋ ነው፣ ወረፋውም ባዶ።

ውጭ ያለ ማእከል ስትጠይቁ

በዚህ መልኩ ከሠራችሁ በኋላ ለትልቅ ማእከል ማመልከቻ ስትጽፉ የሚጠየቁትን ቁጥሮች ይዛችኋል፦ ስንት የኖድ ሰዓት፣ ስንት ኩቢት፣ ስንት ባለሁለት ኩቢት ጌት፣ ስንት ሾት፣ በክላሲካልና በኳንተሙ መካከል ስንት ምልልስ። የመጨረሻውን ብዙ አመልካች ይዘለዋል፤ ለአስተዳዳሪው ግን ዋናው እሱ ነው። ምልልሱ ብዙ ከሆነ ኳንተሙና ሱፐርኮምፒውተሩ አብረው እንዲያዙ ያስፈልጋል፣ አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ሥራ ፈት ይቆማል። ምልልሱ አንድ ከሆነ በሁለት የተለያየ ወረፋ ይሄዳል፣ የማጽደቁም ነገር ይቀላል። ከቁጥሮቹ ጋር በራሳችሁ ሰርቨሮች ያገኛችሁትን የ16 ኩቢቱን ናይትሮጅን ውጤት፣ ትክክለኛውን መልስና ልዩነቱን በአንድ ሠንጠረዥ አያይዙ። ማመልከቻውን ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ቀደም ብላችሁ አስገቡ፤ መዝጊያ ቀኑ በዩቲሲ ወይም በአውሮፓ ሰዓት መሆኑንም አረጋግጡ።